የመጣውን ሰው ማጥናት፦ የጅዳና የመካ የምርምር ማእከላት ታሪክ

በ1865 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሐጅ መካ ከገባው 90 ሺህ ገደማ ሰው ውስጥ 15 ሺህ ያህሉን ኮሌራ ፈጀው። የተረፈው ጅዳ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሱዌዝ ሲሻገር በሽታውም አብሮት ተሻገረ። ግብጽን አዳረሰ፤ የሜዲትራኒያንን ወደቦች አካልሎ አውሮፓ ገባ። በዓመቱ የአውሮፓ መንግሥታትና የኦቶማን ቱርክ ሐኪሞችና ዲፕሎማቶች ኢስታንቡል ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። ከጉባኤው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ የሐጅ ጉዞ ነበር። ሐጃጁ ከየት ይነሣል? በየት በኩል ያልፋል? በየትስ ይመለሳል? ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ መካ የሚሄደው ሰው የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ፤ መንግሥታትም እሱን ማጥናት ጀመሩ።

በ1882 በቀይ ባሕር ካማራን ደሴት ላይ የኳራንቲን ጣቢያ ተከፈተ። ከህንድና ከምሥራቅ እስያ የሚመጣው ሐጃጅ ጅዳን ከማየቱ በፊት እዚያ ወርዶ ይመረመር ነበር። ጅዳ ውስጥ ደግሞ የቆንስላ ቤቶች በረከቱ። ኔዘርላንድ በ1872 ቆንስላ የከፈተችው የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ትገዛ ስለነበር ነው። ከቅኝ ግዛቷ የሚወጣው ሐጃጅ መካ ላይ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን ሰምቶ እንደሚመለስ ማወቅ ፈለገች። በ1884 ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንዬ የተባለ ወጣት የዐረብኛ ሊቅ መጥቶ ጅዳ ተቀመጠ። በዓመቱ እስልምናን ተቀብያለሁ ብሎ መካ ዘለቀና ወራት ኖረባት። አገሩ ተመልሶ ስለ መካ ያሳተመው ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የከተማይቱን ቤተሰብ፣ ገበያና የትምህርት ማዕድ ከውስጥ ሆኖ ያሳያል። ከቀይ ባሕር ማዶ ተሽጠው በመካ ቤቶች ስለሚያገለግሉ ሐበሾችም ይጽፋል። ስለዚህች ከተማ በዘመናዊ መንገድ ከተጻፉት ቀደምት ጥናቶች በአንዱ ውስጥ የእኛን ሰዎች የምናገኛቸው እንዲህ ነው፦ አብዛኞቹ ያለ ስም፣ በጌቶቻቸው ቤት ወግ መካከል። ባርነት በሳዑዲ ዐረቢያ በሕግ የተከለከለው በ1962 ነው።

የውጭ መንግሥታት ሐጃጁን የሚያጠኑት ለራሳቸው ጥቅም ነበር። የጅዳ ሰው ግን የራሱ የዕውቀት ቤት ነበረው። አል-በለድ በሚባለው የጅዳ አሮጌ ከተማ ውስጥ ከባሕር ኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ መስኮቶቹ በእንጨት ጥልፍ የተሸፈኑ ረጅም ቤት ዛሬም ቆሟል። ናሲፍ ቤት ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ሲሆን ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው መንገድ ሰፊና አዝጋሚ ስለሆነ ግመል ሳይቀር ጭነቱን ይዞ ይወጣበት እንደነበር የከተማው ሰው ይናገራል። ከደጃፉ አንዲት የኒም ዛፍ አለች፤ በጅዳ ውኃ ብርቅ በነበረበት ዘመን ቤቱ የሚታወቀው በእሷ ነበር። ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት በዚህ ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ሼህ መሐመድ ናሲፍ መጽሐፍ ሰብሳቢ ነበሩ። ለሐጅ የሚመጣ ዓሊም፣ ቆንስል፣ ተጓዥ ጸሐፊ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይጠየቅ፣ ያነብና ይከራከር ነበር። በ1971 ሲያርፉ መጻሕፍቱ ለአንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ።

ያ ዩኒቨርሲቲ በ1967 የተመሠረተው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። መጀመሪያ ያቋቋሙት መንግሥት ሳይሆን የጅዳ ነጋዴዎችና ምሁራን ናቸው። ገንዘብ አዋጥተው የግል ዩኒቨርሲቲ አደረጉት፤ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት መንግሥት ተረከበው። መካ ውስጥ ከ1949 ጀምሮ የነበረው የሸሪዓ ኮሌጅም በሥሩ ተጠቃለለ። እንዲህ ሆኖ አንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ እግሩን በወደቡ፣ ሌላውን በተቀደሰችው ከተማ ተከለ።

ዘመኑ ለምርምር የተመቸ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት መቀመጫ ሪያድ ቢሆንም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲዎቹ ያኔ ጅዳ ነበሩ፤ ወደ ሪያድ የተዛወሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የዓለም ሙስሊሞች ሊግ ከ1962 ጀምሮ መካ ላይ ተቋቁሟል። የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ጽሕፈት ቤቱን በ1970 ጅዳ ላይ ከፈተ። የእስላማዊ ልማት ባንክም በ1975 እዚያው ሥራ ጀመረ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ለዩኒቨርሲቲው የሚሆን ገንዘብ መጣ። ከመላው ዓለም ምሁራንን መጥራት ተቻለ። ከ1975 እስከ 1979 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ማእከላት ተወለዱ፤ ሦስቱም ዓለም አቀፍ ነበሩ፤ ሦስቱም የሚያጠኑት ከአገር ወደ አገር የሚሻገረውን ሰውና ገንዘብ ነበር።

የመጀመሪያው የሐጅ ምርምር ማእከል ነው። መሥራቹ ሳሚ አንጋዊ በመካ የተወለደ፣ ቴክሳስ ውስጥ አርክቴክቸር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር። ያስጨነቀው ነገር በዐይኑ የሚያየው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ አገር ለሐጅ የሚመጣው ሰው 100 ሺህ ገደማ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ 900 ሺህ ተጠጋ። መርከብ በአውሮፕላን ተተክቷል፤ በግመል የሚኬድበት በአውቶቡስ ይኬድበታል። ሐጃጁ ድንኳን ውስጥ የሚሰነብትበት የሚና ሸለቆ ግን በተራራ የታጠረ ነው፤ አይሰፋም። ማእከሉ በተቋቋመበት በ1975 ማብቂያ ላይ፣ በታኅሣሥ ወር፣ በሚና የድንኳን ከተማ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ። እሳቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን ዘለለ፤ 200 ገደማ ሰው ሞተ።

አንጋዊ ዙሪያውን የሰበሰባቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። እስልምናን የተቀበለው ጀርመናዊ አርክቴክት ቦዶ ራሽ ስለ ድንኳን አሠራር ያጠና ነበር። ግብጻዊው ዓሊም ዘኪ በደዊ ነበሩበት። ፓኪስታን ተወልዶ ለንደን ያደገው ወጣት ጸሐፊ ዚያውዲን ሰርዳርም ጅዳ መጥቶ ለአምስት ዓመት ያህል ሠራ። ቡድኑ በሐጅ ወራት ካሜራ ይዞ ተራራ ላይ ይወጣል፤ ሕዝቡ እንዴት እንደሚፈስ ከላይ ፊልም ያነሳል፤ መኪና ይቆጥራል፤ ሐጃጁን እየተከተለ ይጠይቃል። ሰርዳር በዱሮው መንገድ በእግር መሄድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብሎ አህያ ይዞ ከጅዳ ወደ መካ እንደተነሣ በመጽሐፉ ተርኳል።

ማእከሉ ካጠናቸው ቦታዎች ውስጥ የሳፋና የመርዋ መንገድ ብዙ ያስተምራል። እናታችን ሐጀር ለልጃቸው ለእስማኤል ውኃ ፍለጋ በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ መመላለሳቸውን ለማሰብ ሐጃጁ ዛሬም ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሥርዓቱ ሰዕይ ይባላል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ይህ መንገድ ክፍት ጎዳና ነበር። በግራና በቀኝ ሱቆች ተደርድረውበታል። ሐጃጁ በነጋዴው፣ በተሸካሚው፣ በውኃ ሻጩ መካከል እየተሹለከለከ ሰዕዩን ይፈጽም ነበር። በመጀመሪያው የሳዑዲ ማስፋፊያ ጎዳናው ጣሪያ ተበጅቶለት፣ ፎቅ ተጨምሮለት የመስጊዱ አካል ሆነ። ሱቁ ጠፋ፤ ለእግረኛ የሚሆን ቦታ ተገኘ። ሰው ሲበዛ ቦታን ማስፋት መልካም ነው፤ የጥያቄው ቁም ነገር ግን ምን እንደሚፈርስና ለማን እንደሚሰፋ ማወቅ ነበር።

በ1978 ማእከሉ የመጀመሪያ የጥናት ስብስቡን በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ አሳተመ፤ አዘጋጆቹ ሰርዳርና በደዊ ነበሩ። የማእከሉ ሰዎች የሚሟገቱለት ሐሳብ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ሐጅ የእግር ጉዞ ስለሆነ ለእግረኛው ቅድሚያ ይሰጠው፤ መኪናው ከሸለቆው ይውጣ፤ ተራራው አይቆረጥ፤ ታሪካዊው ከተማ ከነመንፈሱ ይኑር። ይህንን የሚሉት ገንዘብ ሞልቶ፣ ትልልቅ የግንባታ ኩባንያዎች ጅዳ ላይ ቢሮ ከፍተው ውል በሚጠባበቁበት ዘመን ነው። ምክራቸው ከዋሻና ከድልድይ፣ ከአስፋልትና ከሕንጻ ጋር ሲመዘን ቀለለ። ምክሩ ቢሰማ ኖሮ ኋላ በሐጅ ላይ የደረሰው ሞት ሁሉ ይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሕዝቡን በዐይናቸው ቆጥረው፣ በፊልም አጥንተው የመጡ ሰዎች ለውሳኔው ጠረጴዛ ሩቅ መደረጋቸው ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ማእከል የገንዘብ ነው። በየካቲት 1976 ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የእስላማዊ ኢኮኖሚ ጉባኤ መካ ላይ ጠራ። ያለ ወለድ ባንክ እንዴት ይሠራል፣ ዘካ (የግዴታ ምጽዋት) በዘመናዊ መንግሥት በጀት ውስጥ ቦታው የት ነው የሚሉ ጥያቄዎች በኢኮኖሚስቶችና በዑለማዎች መካከል በአንድ አዳራሽ ተነሱ። ህንዳዊው ኢኮኖሚስት መሐመድ ነጃቱላህ ሲዲቂ በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በኡርዱ ስለ ጉዳዩ የተጻፉትን 700 ገደማ ሥራዎች የሚዳስስ ጥናት አቀረቡ። ከጉባኤው ማግሥት፣ በ1977፣ ዓለም አቀፍ የእስላማዊ ኢኮኖሚ ምርምር ማእከል ጅዳ ላይ ተከፈተ። ሲዲቂም በዓመቱ መጥተው ተቀላቀሉት፤ በ1982 የንጉሥ ፈይሰልን ሽልማት አገኙ። ማእከሉ ዛሬ ኢንስቲትዩት ሆኗል። አገራችን ውስጥ ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት መስኮት ሲከፈት፣ ኋላም በዚሁ መርሕ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ሲቋቋሙ የምንሰማቸው ሙዳረባ (ትርፍ የመጋራት ሽርክና) እና ሙራበሐ (ትርፍ ታክሎበት የሚደረግ ሽያጭ) የሚባሉ ስሞች በዘመናዊ የባንክ ሥራ ቋንቋ የተብላሉት እንዲህ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። ከሦስቱ ማእከላት ሐሳቡ በፍጥነት ወደ ሥራ የተለወጠለት ይህ ነው፤ ባንኮቹ ስለፈለጉት።

ሦስተኛው ለዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ከሁሉም የቀረበ ነበር። ህንድ ተወልደው አሜሪካ የተማሩት ሰይድ ዘይኑል ዓቢዲን ሚቺጋን ውስጥ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1970ዎቹ መጨረሻ ከነቤተሰባቸው ጅዳ መጡ። ሙስሊሞች ጥቂት ሆነው በሚኖሩባቸው አገሮች ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራሉ፣ ከጎረቤቶቻቸውና ከመንግሥታቸው ጋር እንዴት ይዋሃዳሉ የሚለውን የሚያጠና ተቋም የማቋቋም ሐሳብ ነበራቸው። ያገዟቸው ዶክተር አብደላ ዑመር ናሲፍ፣ የዚያ መጽሐፍ ሰብሳቢ ሼህ የልጅ ልጅ ናቸው። ኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት፣ ቀጥሎም የዓለም ሙስሊሞች ሊግ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የሙስሊም አናሳዎች ጉዳይ ተቋም መጽሔት በ1979 መውጣት ጀመረ። ከፊጂ እስከ ፖላንድ፣ ከቻይና እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ሙስሊሞች በገጾቹ ላይ ተጠኑ። ተቋሙ ወደ ለንደን ዞረ፤ ዓቢዲን በ1993 ሲያርፉ መጽሔቱን ባለቤታቸው ሳሊሐ ዓቢዲን ተረከቡት፤ ዛሬም ይታተማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ ሙስሊሙን አናሳ ብሎ በሚመድብ አከፋፈል ውስጥ ስትገባ ጠባብ ይሆንባታል። በ2007ቱ ቆጠራ ከሕዝባችን 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። የነቢዩ ባልደረቦች በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ተሰደው ከንጉሡ ከነጃሺ ዘንድ ከለላ አግኝተዋል፤ ይህም ነቢዩ ራሳቸው ወደ መዲና ከመሰደዳቸው በፊት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ሕዝብ አናሳ ብሎ መጻፍ የቁጥር ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከቁጥሩ በላይ ያለውን ግን አያሳይም። ከጅዳ ማዶ ያለችውን ጎረቤት ለማጥናት ሌላ ዓይነት መነሻ ያስፈልግ ነበር።

ሦስቱ ማእከላት ገና ጥርስ ሳያወጡ ዘመኑ ተለወጠ። ኅዳር 20 ቀን 1979፣ በሂጅራ አቆጣጠር የ1400 የመጀመሪያ ቀን፣ ጁሃይማን አል-ዑተይቢ የሚመራቸው ታጣቂዎች የመካን ታላቅ መስጊድ ያዙ። ለሁለት ሳምንት ውጊያ ተደረገበት። ከዚያ ወዲህ መካን የሚመለከት ነገር ሁሉ በመጀመሪያ የጸጥታ ጉዳይ ሆነ። የሐጅ ማእከሉ ቀደምት ሰዎችም በየፊናቸው ሄዱ፤ ሰርዳር ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1981 የመካዎቹ ኮሌጆች ከጅዳ ተነጥለው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የሐጅ ምርምር ማእከሉም ወደ መካ ዞረ። ዛሬ የሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች አገልጋይ የሐጅና ዑምራ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል።

በዚያው በ1981 ጅዳ አዲሱን አውሮፕላን ማረፊያ መረቀች። የሐጃጅ መቀበያው 210 ትልልቅ ነጭ ድንኳኖች የተዘረጉበት ነው፤ ግድግዳ የለውም፤ ነፋስ በድንኳኖቹ ሥር ገብቶ በአናታቸው ይወጣል። በ1983 የአጋ ኻንን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሐጃጅ ከአውሮፕላን ወርዶ በመጀመሪያ የሚያርፍበት ጥላ እሱ ነው። ያው ነገር ሚና ላይ ቢደገም ኖሮ መልካም ነበር። ሚና ግን ቆየ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የሞት ዝርዝር ናቸው። ሐምሌ 2 ቀን 1990 በአል-ሙዐይሲም የእግረኛ ዋሻ ውስጥ 1,426 ሰው ታፍኖና ተረጋግጦ ሞተ። በ1994 ጠጠር በሚወረወርበት ቦታ፣ በጀመራት፣ 270 ሰው ሞተ። ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ሚና እንደገና ተቃጠለች፤ 343 ሰው አለቀ፤ ከ1,500 በላይ ቆሰለ። ማእከሉ የተወለደበት ዓመት እሳት ከ21 ዓመት በኋላ በባሰ መልኩ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ነው ሸለቆው እሳት በማይበላው፣ በቴፍሎን በተለበጠ የመስታወት ቃጫ ድንኳን የተሸፈነው። ከ100 ሺህ የሚበልጡ ድንኳኖች ተተከሉ። በንድፉ ከተሳተፉት አንዱ የቦዶ ራሽ ኩባንያ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሚና ላይ ድንኳን ሲያጠና የነበረው ወጣት ድንኳኑን ለመትከል የተጠራው ፀጉሩ ሸብቶ ነው።

ጀመራት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሐጃጁ ከሚና አጠገብ ባለው በሙዝደሊፋ ሜዳ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ጠጠሮች ይለቅማል፤ ሚና ደርሶ ሸይጣን በሚወገርባቸው ሦስት ቦታዎች በየአንዳንዱ ሰባት ሰባት ይወረውራል። ቦታው አንድ ነው፤ ሰዓቱም ለሁሉም የሚቀራረብ ነው። በ1963 የተሠራው ድልድይ ለዚያ ዘመን ሰው በቂ ነበር። በ2004 በግርግር 251 ሰው ከሞተ በኋላ ሦስቱ ዓምዶች ረጃጅም ግድግዳዎች እንዲሆኑ ተደረገ፤ ጠጠሩ ዒላማ እንዳይስት፣ ሰውም በአንድ ነጥብ ዙሪያ እንዳይከማች።

ጥር 12 ቀን 2006፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ በድልድዩ መግቢያ ላይ ከ340 በላይ ሰው ሞተ። ይህኛው ቀን ግን ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ ካሜራ ይቀርጽ ነበር። የሳዑዲ የማዘጋጃ ቤቶች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ሐቢብ ዘይን አል-ዓቢዲን ፊልሙ እንዲጠና አደረጉ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲርክ ሄልቢንግና አንደርስ ዮሐንሰን አብረዋቸው ሠሩ፤ ሦስቱ በ2007 ጥናታቸውን አወጡ። ፊልሙን በኮምፒውተር አፍጥነው ሲያዩት በዐይን ያልታየው ተገለጠ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ጥግግቱ ሲጨምር ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ መቆሙ ከፊት ወደ ኋላ እየተላለፈ ይሄዳል። ይህ ከታየ በኋላ አደጋው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር። ጥግግቱ የበለጠ ሲከር ግን ሰው እግሩን ማዘዝ ይሳነዋል፤ ግፊቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ወደ ኋላም ይወረውረዋል፤ የወደቀ አይነሣም። ለዚህ ማንም ማንንም ሆን ብሎ መግፋት አያስፈልገውም። ሐጃጁ ትዕግሥት አጥቶ ተራገጠ የሚለውን የቆየ ወቀሳ ይህ ጥናት አፈረሰው፤ ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው። የመቆምና የመሄዱ ሞገድ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሊያገለግል እንደሚችልም አሳየ።

አዲሱ የጀመራት ድልድይ ርዝመቱ 950 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሜትር ሆኖ በፎቅ ላይ ፎቅ ተሠራ፤ በ2009 ተጠናቀቀ። መግቢያና መውጫው ተለየ፤ እያንዳንዱ የሐጃጅ ቡድን የሚሄድበት ሰዓት ተቆረጠለት። የ1978ቱ ጥናት ያነሣው የእግረኛ ጉዳይ በሌላ ቋንቋ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ ከብዙ ሬሳ በኋላ ወደ ሥራ ገባ። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ በራሱ በጀመራት ላይ እንደ ዱሮው ያለ እልቂት አልደረሰም።

እልቂቱ ወደ መንገዱ ተዛወረ። መስከረም 24 ቀን 2015፣ በዒደል አድሐ ዕለት፣ ወደ ድልድዩ በሚወስዱት በ204 እና በ223 ቁጥር ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ሁለት የሰው ጅረቶች ተጋጠሙ። የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 769 አለ። አሶሺየትድ ፕሬስ ከየአገሩ የተነገረውን ደምሮ ከ2,400 በላይ አደረሰው፤ በዚያ ቆጠራ ኢትዮጵያውያን 53 ናቸው። ያ ዕለት እኛ አገር መስከረም 13 ቀን 2008 ነበር፤ በየቤቱ በግ ታርዶ ስልክ የሚጠበቅበት ሰዓት። በብዙ ቤት ስልኩ ቀናት ቆይቶ ነው የተደወለው።

በእነዚሁ ዓመታት ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው ጎዳና ሌላ ኢትዮጵያዊም ይመላለስ ነበር፤ ሠራተኛው። በኅዳር 2013 ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር እስከ መጋቢት 2014 ባሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሹመይሲ ማቆያ ስሙ በወሎም፣ በጅማም፣ በሐረርጌም ቤተሰብ አፍ ገባ። መካ ውስጥ ደግሞ በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያዊው ሼህ መሐመድ ዓሊ አደም ዳሩል ሐዲስ በተባለው የትምህርት ተቋም ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ሱነን አን-ነሳኢና ሶሒሕ ሙስሊም በተባሉት የሐዲስ ስብስቦች ላይ የጻፏቸው ማብራሪያዎች እያንዳንዳቸው ከ40 በላይ ቅጽ ያላቸው ናቸው። ከመላው ዓለም የመጡ ደረሶች እግራቸው ሥር ተቀመጡ፤ በ2020 መካ ላይ አረፉ። አንዱ በጣት አሻራ ተመዝግቦ ይሸኛል፤ ሌላው ተቀምጦ ዓለምን ያስተምራል፤ ሁለቱም ያንኑ ባሕር የተሻገሩ ናቸው።

የዲፕሎማሲው ጥናትም በመጨረሻ ወደ ጅዳ ተመለሰ። ዶክተር አብዱልአዚዝ ሳቅር በ2000 ዱባይ ላይ ያቋቋሙት የባሕረ ሰላጤ ምርምር ማእከል ዋና መሥሪያ ቤቱን ጅዳ አደረገ፤ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምሁራንን ይሰበስባል። ማእከሉ የዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሥራው ግን የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤት የሚሠራው ነው። ጅዳም የመደራደሪያ ከተማነቷ ታደሰ። መስከረም 16 ቀን 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዝዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ስምምነት የፈረሙት እዚያ ነው። በግንቦት 2023 የሱዳን ተፋላሚዎች ሲቪሎችን ለመጠበቅ ቃል የገቡበት ሰነድም ጅዳ ላይ ተፈረመ። በሌላ በኩል በጥር 2020 ሪያድ ላይ የቀይ ባሕር አዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ሲመሠረት ኢትዮጵያ አባል አልሆነችም፤ የባሕር በር የላትምና።

የመካው ኢንስቲትዩት ዛሬ በየዓመቱ የምርምር ጉባኤ ያካሂዳል፤ ካሜራውም፣ ባቡሩም፣ የሰዓት ድልድሉም የጥናት ርእሱ ነው። አዲሱ ጠላት ሙቀት ነው። በሰኔ 2024 መካ ላይ የአየሩ ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ 1,301 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ያለ ሐጅ ፈቃድ የመጡ ነበሩ። ያልተመዘገበ ሰው ድንኳን የለውም፣ አውቶቡስ የለውም፣ ማቀዝቀዣ የለውም። ኢስታንቡል ላይ በ1866 የተነሣው የማነው፣ ከየት መጣ፣ በየት ያልፋል የሚል ጥያቄ ዛሬም የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው። ሳሚ አንጋዊ ለአሮጌዋ መካ እየተሟገተ አረጀ፤ በ2002 የኦቶማኑ የአጅያድ ምሽግ ፈርሶ በቦታው 601 ሜትር የሚረዝም የሰዓት ማማ ያለበት ሕንጻ ሲቆም አየ።

ስለዚህ ልመናዬ ለእኛው ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን፣ በ2007 የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋምን አቋቁሟል፤ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍልም አለው። ወሎ፣ ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሐጃጁም ሠራተኛውም በሚነሣባቸው አካባቢዎች ያሉ ናቸው። ሐጃጅ ተመልሶ ሲመጣ የሚነግረው አለ፤ ከሹመይሲ የተመለሰችው ልጅ የምትነግረው አለ፤ መካ ላይ ተምረው የመጡ ሼሆች ዛሬም በሕይወት አሉ። ደብተርና መቅጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስማቸውን፣ መንገዳቸውን፣ ያዩትን ጻፉ። የእኛን ሰው ጅዳና መካ ላይ ስኑክ ሁርግሮንዬ ጽፎታል፣ የዜና ድርጅት ቆጥሮታል፤ አሁን እናንተ አጥኑት።